ኔድ ስታርክ አንዲት ቃል ባይቀይር ኖሮ

ሰላም ናችሁ? ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል፣ ጣቶቼ በብርድ ደርቀዋል፣ የፊደል ስህተት ካገኛችሁ እኔን ሳይሆን ብርዱን ውቀሱ።

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ናቸው። ተከታታይ ፊልሙ በፈረንጆች 2011 ጀምሮ 2019 ላይ አለቀ፤ 8 ሲዝን፣ 73 ክፍል። እኛ ጋ ግን መቼ አለቀና! እስካሁን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ነው። ያላያችሁት ካላችሁ ይህን ገጽ እለፉት፤ ዋናው ሰውዬ እንደሚሞት እነግራችኋለሁ። ይኸው ነገርኳችሁ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

«ጋሼ ሰላም ነዎት? እኔ በፈረቃ ነው የምሠራው። ሌሊት የገባሁ ሳምንት ቀን ቀን ከወንድሜ ጋር ጌም ኦፍ ትሮንስ እናያለን። እሱ ለሁለተኛ ጊዜው ነው፣ እኔ ለመጀመሪያ። ኔድ ስታርክን አንገቱን ሲቀሉት ሁለት ቀን እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ጨርሰነዋል፣ ክርክራችን ግን እዚያው ቆሟል። ወንድሜ ‹የራሱ ጥፋት ነው፣ ረንሊ መቶ ሰይፍ ላምጣልህ ሲለው እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ደም አይፈስም ነበር› ይላል። እኔ ደግሞ ሰው እየሞተ ልጆቹን በሌሊት ከአልጋ ጎትቶ ማሰር ነውር ነው ባይ ነኝ። ሦስት ቀን ተኳርፈናል። ማናችን ነን ልክ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ከወንድምሽ ጋር ታረቂ። በኔድ ምክንያት የተኳረፈ ቤት ስንቱን ሰማሁ መሰለሽ።

ነገሩን ለረሳ ሰው ባጭሩ ላስታውስ። ንጉሥ ሮበርት አደን ወጥቶ ከርከሮ ሆዱን ዘንጥሎት አልጋ ላይ ወድቋል። የልጅነት ወዳጁ ኔድ የንጉሡ «እጅ» ተብሎ የተሾመ ሹም ነው፤ እኛ ቀኝ እጁ እንደምንለው። ኔድ አንድ ከባድ ምሥጢር ደርሶበታል፦ ሦስቱ የንጉሡ ልጆች የንጉሡ አይደሉም። ንግሥት ሰርሴ የወለደቻቸው ከመንትያ ወንድሟ ከጄሚ ነው። ይህን ሲያውቅ ምን አደረገ? ሄዶ ለራሷ ለሰርሴ ነገራት። ባልሽ ከአደን ሳይመለስ ልጆችሽን ይዘሽ ጥፊ አላት። እሷ አልጠፋችም። ንጉሡ ቆስሎ ተመለሰ። ሮበርት እያጣጣረ ሳለ ታናሽ ወንድሙ ረንሊ ኔድን ለብቻው ይዞ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ስጠኝ፣ መቶ ሰይፍ አመጣልሃለሁ፣ አልጋ ወራሹን ጆፍሪን ከእናቱ ከሰርሴ እጅ እንውሰደው አለው። ኔድ እምቢ አለ። በኋላ ዙፋኑ ፊት ሲቀርብ፣ የከተማውን ዘብ በገንዘብ ገዝቼልሃለሁ ያለው ሊትልፊንገር ከዳውና ጩቤ አንገቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ወህኒ፣ ከዚያ አደባባይ፣ ከዚያ ሰይፍ። ያውም የገዛ ራሱ ሰይፍ።

ወንድምሽ የሚቆጥረው መቶውን ሰይፍ ነው። እኔም ድሮ እሱን ነበር የምቆጥረው። ግን እስቲ እሺ ብሎ ነበር እንበል። ሌሊቱን ጆፍሪ ተያዘ፣ ሰርሴ ክፍሏ ውስጥ ተቆለፈባት። ነጋ። ኔድና ረንሊ ቁርስ ቀረቡ። ኔድ ሕግ አክባሪ ነው፤ ንጉሡ ልጅ ከሌለው ዙፋኑ የታላቁ ወንድም የስታኒስ ነው ይላል። ረንሊስ ያን ሁሉ ሰይፍ ያሰለፈው ለስታኒስ ብሎ ነው እንዴ? ራሱ ሊነግሥ ነው እንጂ! ኋላም ታላቅ ወንድሙ በሕይወት እያለ ዘውድ ደፍቶ አሳይቶናል። ስለዚህ ጠዋት ለኔድ የተመዘዘው ሰይፍ ከሰዓት በኋላ ኔድ ላይ ይዞራል። ኔድ ደግሞ በዚያን ጊዜ እግሩ ተጎድቶ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ከሰሜን ይዟቸው ከመጣው ወታደሮቹ ገሚሱ ተገድሏል፣ ገሚሱን ራሱ ለሌላ ግዳጅ ልኮታል። የከተማው ዘብ ፊልሙ በተወሰደበት መጽሐፍ ሁለት ሺህ ሰው ነው። መቶ ሰይፍ ለአንድ ሌሊት ይሆናል፤ ለሳምንት አይሆንም።

ሌላም አለ፤ የሰርሴ አባት ታይዊን ላኒስተር። ይህ ሰውዬ ቲሪዮን ተያዘ ተብሎ፣ ያውም ዓይኑን ማየት የማይፈልገው ልጁ፣ ስንት መንደር አስቃጥሏል። ልጁንና የልጅ ልጆቹን በአንድ ሌሊት ብታስርበት ምን ያደርግ ይመስልሻል? ሽማግሌ ይልካል? ታይዊን አበጋር አያውቅም። እዚያ አገር ሁለት ደመኛ መሀል ገብቶ የሚዳኝ ሰው አለመኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ ግን እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ወንድምሽ በአንድ ነገር ልክ ነው። የኔድ ልጅ ሮብ ጦር ያዘመተው አባቱ ስለታሰረ ነው። ኔድ ባይታሰር ልጁ ድልድይ ለመሻገር ብሎ የድልድዩን ጌታ የፍሬይን ልጅ አገባለሁ ብሎ አይምልም፤ ካልማለ መሐላ አያፈርስም፤ መሐላ ካላፈረሰ ሮብ የተገደለበት ያ ቀይ ሠርግ የሚሉት ጉድ አይመጣም። ኔድ ቤት ያደገው ቲዮንም ወደ አባቱ አይላክም፣ የስታርኮች ቤት ዊንተርፌልም በእጁ አይወድቅም። ይህን ሁሉ እሰጠዋለሁ። ግን መቶው ሰይፍ እስር ቤቱን ማስቀረቱ ነው ያጠራጠረኝ። የሚያስረው ሰው ነው የሚቀየረው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ይህን ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ መጽሐፉንም አንብቤዋለሁ፣ ሁልጊዜ ግን ዓይኔ ሰይፉ ላይ ነበር። የገለጠችልኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቧንቧ ውሃ ሠፈር እሷ ቤት ቡና አለ። እኔ ላፕቶፔን ይዤ እሄዳለሁ፣ በየደቂቃው እያቆምኩ እተረጉምላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከእኔ በላይ ይዛዋለች። ሮበርት ኑዛዜውን ሲያጽፍ ቶናውን እየቀዳች ነበር። ንጉሡ በተኛበት «ልጄ ጆፍሪ ለአቅሙ እስኪደርስ ድረስ» ይላል፤ ኔድ አጠገቡ ተቀምጦ ይጽፋል።

«ምን ብሎ ጻፈ?» አለችኝ።

«ሕጋዊው ወራሽ ለአቅሙ እስኪደርስ ድረስ ብሎ።»

ጀበናውን እንደያዘች ቀና አለች። «ንጉሡ እንዲያ ነው ያለው?»

«አይ፣ ንጉሡ ጆፍሪ ነው ያለው።»

«እንዴ! ዋሸዋ! አይዋሽም ብለኸኝ አልነበር ሰውዬው?»

ቡናው ከሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ፤ እሷ ዞር ብላም አላየችው።

ዝም አልኩ። ልክ ናት። እኛ ሁላችን ኔድን ሐቀኝነቱ ገደለው እያልን ስንከራከር ኖርን፤ ሰውዬው ግን እዚያች አልጋ አጠገብ ለሚሞት ወዳጁ ዋሽቷል። በአንዲት ቃል። መጽሐፉም ላይ እንደዚያው ነው፤ የልጁን ስም ትቶ ወራሼ ብሎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ክርክሩ ኔድ ተንኮል ይሥራ አይሥራ አልነበረም። ሠርቷል። የሠራው ግን በወረቀት ነው፣ ያን ጊዜ በእጁ ላይ ከመቶ ሰይፍ የሚበልጥ ነገር እያለ፦ ገና የሚተነፍስ ንጉሥ።

አስቢው እስቲ። ሮበርት ለሞት ቢቃረብም አንደበቱ አልተዘጋም። እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ የንጉሡ ጠባቂዎች አለቃ ባሪስታን ሰልሚ አለ፤ አገር ያከበረው ሽማግሌ፣ ለንጉሥ ቃል የሚኖር ሰው። ኔድ ሰዎቹን ጠርቶ፣ እውነቱን ነግሮ፣ ንጉሡ በራሱ አፍ «ወራሼ ስታኒስ ነው» ቢል፣ ባሪስታን በማግሥቱ የሚያመነታው ነገር የለም። የሆነውን ደግሞ አይተነዋል። ኔድ የታሸገ ደብዳቤ ይዞ ቀረበ፣ ባሪስታን ማኅተሙን አየ፣ አነበበ፣ ሰርሴ ተቀብላው ቀዳደደችው። ሽማግሌው የንጉሡ ቃል እኮ ነው ብሎ ደንግጦ ቀረ። በቃ። ወረቀት ይቀደዳል። ባሪስታን በጆሮው የሰማውን ግን ማን ይቀድበታል?

ኔድ ይህን ያላደረገው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ፈርቶ ነው፣ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ሮበርት የነገሠ ጊዜ የፊተኛውን ልዑል የሬጋርን ሕፃናት ሬሳ በቀይ ጨርቅ ጠቅልለው ዙፋኑ ሥር አምጥተው ሲያስቀምጡለት፣ ሮበርት አልከፋውም። ኔድ ያንን አይቷል። ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። የሰርሴንም ልጆች እንዲያ ተጠቅልለው እንዳያይ ነው ቀድሞ የነገራት።

ግን እዚህ ጋ ኔድ አንድ ነገር አመለጠው ብዬ አምናለሁ። በዚያችው አልጋ ላይ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ሮበርት ምን አለ? ባሕር ማዶ ያለችው የሬጋር እህት ዴነሪስ እንድትገደል ያዘዘው እሱ ነው፣ ኔድም በዚህ ተጣልቶት ሥልጣኑን ጥሎ ነበር። አሁን ሊሞት ሲል፣ አንተ ልክ ነበርክ፣ ልጅቷ ትኑር፣ ካልረፈደ አስቁመው አለው። ያ ሕፃን ሲሞት ያልከፋው ሮበርት በሞቱ ዋዜማ ለጠላቱ ልጅ ምሕረት አደረገ! ኔድ የፈራው የጥንቱን ሮበርት ነው፤ አልጋው ላይ ያለው ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ምልክቱን ሰጥቶት ነበር።

እሺ፣ ነገረው እንበል። ምን ይቀየራል? ጦርነት ጭራሽ አይኖርም ብዬ አልዋሽሽም። ታይዊን ዝም አይልም። ግን የአምስት ነገሥታት ጦርነት ይቀራል። ሮብ ንጉሥ የሚሆንበት ምክንያት የለም፣ አባቱ ስታኒስን ይዞ ቆሟልና። ረንሊም ወንድሙ በአፉ ስታኒስን ካነገሠ በኋላ ሰው ለማሰለፍ ይቸገራል። ስታኒስ ደግሞ ማንም ስላልተከተለው ነው በዚያች እሳት አምላኪ ቀይ ለባሽ ሴት እጅ የወደቀው። ሕግ ዙፋኑን ከሰጠው እሳት ምን ያደርግለታል? ያቺ ፊቷ ላይ ጠባሳ ያላት ልጁ ሺሪን፣ አባቷ በቁሟ ያቃጠላት ልጅ፣ ምናልባት አድጋ ትዳር ትይዝ ነበር። እኔ ከኔድ ሞት ይልቅ ያለቀስኩት ለእሷ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ።

አሁን ደግሞ ማንም የማያስበውን ላምጣልሽ። ባሪስታን ወደ ዴነሪስ የሄደው ለምንድን ነው? ጆፍሪና እናቱ አርጅተሃል ብለው ስላባረሩት ነው። ተሰዶ ሄደ፣ አገኛት፣ ያገኛትም በሚያስፈልግበት ደቂቃ ነው፦ ማንቲኮር የሚሉትን ጊንጥ መሳይ መርዘኛ ነፍሳት አንድ ገዳይ ሲሰጣት ከእጇ አስጥሎ አዳናት። በፊልሙም በመጽሐፉም አለ፣ ቦታው ብቻ ይለያያል። እንግዲህ ኔድ እውነቱን ተናግሮ፣ ስታኒስ ነግሦ፣ ባሪስታን ሥራው ላይ ቢቆይ፣ ያን ቀን ዴነሪስ አጠገብ ማን ይቆማል? ማንም። እንደ እናት ያሳደገቻቸው ዘንዶዎች እናታቸውን ያጣሉ። ዋና ከተማውን ኪንግስ ላንዲንግን በመጨረሻ ያነደደው እሳትም አይነድም። ደሴ ውስጥ ስንት ሰው ዴነሪስ አበደች ብሎ ሲናደድ ከረመ፤ መነሻው ግን አንድ ሽማግሌ ከሥራ መባረሩ ነው፣ የዚያም መነሻ አንዲት ቃል።

ይህንን ሁሉ ለአክስቴ አስረዳኋት። ማለትም ሞቱን ሳልነግራት፣ ቢነግረው ይሻል ነበር ብቻ ብዬ። በረካውን እየቀዳች ሳቀችብኝ።

«ለሚሄድ ሰው እንዲህ ይባላል? ሚስትህ ከዳችህ፣ ልጆችህ ያንተ አይደሉም ብለህ ነው የምትሸኘው? ደግ አደረገ።»

«ቅድም ዋሸ አላልሽም?»

«ዋሸ። ደግም አደረገ።»

እሷ ልክ ሳትሆን አትቀርም፣ ቢያንስ በእኛ አገር ሚዛን። እኛ መርዶ እንኳ እንዴት እንደምንናገር ታውቂያለሽ። በጠዋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ። ለታመመ ሰውማ ጭራሽ አይነገርም፤ ወንድሙ ሞቶ ቢሆን እንኳ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» ነው የሚባለው። መጽሐፉ ላይ ሮበርት ኔድን ልጆቼን አደራ ይለዋል። ኔድም እንደ ልጆቼ አድርጌ እጠብቃቸዋለሁ ብሎ ይመልስለታል። ከዚህ በኋላ ምን ብሎ አፉን ይክፈት? እኔ ራሴ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ ምላሴን የምነክስ ይመስለኛል።

ስለዚህ እህቴ፣ ነውር ነው ማለትሽ ትክክል ነው፣ ወንድምሽም ኔድ ተሳሳተ ማለቱ ትክክል ነው፤ ግን የተጣላችሁት በተሳሳተው ትዕይንት ላይ ነው። ተመልሳችሁ ሰባተኛውን ክፍል እዩት። የቡናውን እሱ ይክፈል፣ ለሁለተኛ ጊዜ እያየ ወረቀቱን አላስተዋለማ።

ጥያቄ፣ ከወልድያ

«የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስለዚህ ፊልም ኑዛዜ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር የልጅ ኢያሱ ነገር ይመጣብኛል። ያመሳስሉታል?»

መምህር፣ ደሴ ተቀምጦ ይህ የማይመጣበት ሰው አለ ብለው ነው? የኢያሱ አባት ባሠሩት በአይጠየፍ አዳራሽ በየቀኑ እያለፍን።

እስከ አንድ ቦታ ድረስ ይመሳሰላል። ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን ወራሽ አድርገው በአዋጅ አስነገሩ፤ ቃሉን ያፈረሰ ላይ እርግማን ጨመሩበት። እሳቸው በ1906 ዓ.ም. አረፉ። በዚያው ዓመት የኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ኢያሱን ሻሩት። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። አዋጁም ነበር፣ እርግማኑም ነበር፤ የተናገሩት ሰውዬ ግን አልነበሩም። የኔድ ወረቀት እጣም ይኸው ነው።

ከዚያ በላይ ግን አልሄድም። ኢያሱ የሸዋረጋ ልጅ፣ የምኒልክ የልጅ ልጅ መሆኑን የተጠራጠረ የለም፤ የተከሰሰው በሃይማኖት ነው። ደግሞ ጆፍሪ የሮበርት ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ነው ዙፋን ላይ የወጣው፣ ኢያሱ ግን ዘውድ ሳይጭን ነው የተሻረው። «ሰገሌ ላይ እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ክርክር እዚህ ገጽ ላይ አልጀምረውም፤ ከጀመርኩት ምሳዬ ይቀዘቅዛል፣ ከጎረቤቶቼም ጋር እጣላለሁ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ሁሉ ሳንሳን ይሰድቧታል፣ አባቷን ያስገደለችው እሷ ናት እያሉ። እሷ ዝም ብትል ኖሮ ኔድ ይተርፍ ነበር?»

አይተርፍም። መጽሐፉ ላይ ሳንሳ የ11 ዓመት ልጅ ናት። ከጆፍሪ ፍቅር ይዟታል፣ አባቷ ደግሞ ወደ ቤት ልመልሳችሁ ነው ሲላት ሄዳ ለንግሥቲቱ ትናገራለች። ያ የኔድን እቅድ አበላሽቶበታል፣ አልክድም። ግን ዋናውን ምሥጢር፣ ልጆችሽ የማን እንደሆኑ አውቄያለሁ የሚለውን፣ ለሰርሴ ማን ነገራት? ራሱ ኔድ! ሌባን ነገ ልይዝህ ነው ብሎ አስጠንቅቆ የላከ ሰው፣ ልጁ የጉዞውን ቀን አወጣች ተብሎ እሷ ላይ ሲፈረድ አይገባኝም። ደግሞ ወህኒ ከገባ በኋላ በዙፋኑ ፊት ተንበርክካ የለመነችለት እሷ ናት።

እኔ በ11 ዓመቴ እናቴ የደበቀችውን የዕቁብ ብር የት እንዳለ ለሠፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ለጓደኞችሽ ይህን ንገሪልኝ።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ

«እኔና ሁለት ጓደኞቼ ‹እንዲህ ቢሆን ኖሮ› የሚል ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ጀምረናል። ኔድ ከወህኒ አምልጦ፣ ዘንዶ አግኝቶ፣ ጆፍሪን የሚቀጣበት። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ሲነበብ ግን አይጥምም። ምን አጎደልን?»

ምንም አላጎደላችሁም፣ አብዝታችሁ ነው። ኔድ ዘንዶ ከምን ያመጣል? በመጀመሪያው ታሪክ ያልነበረ ኃይል ስትሰጡት አንባቢው መከራከሩን ይተዋል። «ቢሆን ኖሮ» የሚጥመው ሰውዬው በእውነት ባመነታበት ደቂቃ ላይ ሲጀመር ነው። ኔድ ንጉሡ አልጋ ጎን ሆኖ አመንትቷል፤ እዚያ ጀምሩ። አንድ ውሳኔ ብቻ ቀይሩ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት። ከዚያ ይህን ውሳኔ ቀጥሎ የሚሰማው ማነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ባሪስታን የጻፍኩት እንዲሁ ጠይቄ ያገኘሁት ነው።

የማይቀየረውንም ለዩ። የዴነሪስን መመረዝ ሮበርት አዝዞ ሰው ተልኳል፣ ዘንዶዎቹ የሚፈለፈሉት ኔድ ቢኖርም ባይኖርም ነው። ከሰሜኑ ግንብ ማዶ ያሉት የበረዶ ፍጡራንም ደቡብ ማን እንደነገሠ ግድ የላቸውም። ይህ ሁሉ ሲቆይላችሁ ታሪካችሁ ክብደት ያገኛል። ቦታ እንደሆነ አለ፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል በፈረንጆች 1996 ወጥቶ፣ አምስተኛው 2011 ታትሞ፣ ደራሲው የቀረውን ገና እየጻፈ ነው።

አንድ የቋንቋ ነገር ደግሞ። የላካችሁልኝ ሁለት ገጽ ላይ «ነበር»ን ስቆጥር አርባ ስደርስ ደከመኝ። ቢሄድ ኖሮ ያገኝ ነበር፣ ቢያገኝ ኖሮ ይወስድ ነበር... ይህ ለቡና ወሬ ጥሩ ነው፣ ለታሪክ ግን አንባቢን ያንገላታል። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ በሉትና ከዚያ እንደሆነ አድርጋችሁ ጻፉት። ሄደ። ነገረው። ንጉሡ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እንዲህ።

ቦታ አልቋል፣ አንድ አደራ ብቻ። አክስቴ ገና ስምንተኛው ክፍል ላይ ናት። ዘጠነኛውን ለመጪው ቅዳሜ አስይዘነዋል። ባለፈው ስወጣ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ «ሰውዬው ወደ ሚስቱ ይመለሳል አይደል?» አለችኝ። «እናያለን፣ ደህና ነው» ብያት ወጣሁ። መጽሔት የምታነቡላት ጎረቤቶቿ ካላችሁ ይህችን ገጽ ዝለሉላት።